«የኛ» የተባለው ዘፈን የማን ነው?

ስለ ዘፈን ልንጽፍ መነሣታችንን ሲሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሳቁብን። ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ፣ ተመርቆ ሥራ ስለ ማጣት ገና ያልተጻፈ ብዙ ነገር ሳለ፣ ስለ ዘፈን ማተት የቦዘኔ ሥራ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። አንድ ሕዝብ ሴት ልጁን እንዴት እንደሚያያት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሕጉን ብቻ ቢያገላብጥ አይበቃውም፤ ዘፈኗንም መስማት አለበት። ሰምቶም ሦስት ነገር ይጠይቅ። ከበሮው በማን እጅ ነው? ቃሉን ማን አወጣው? ወጪውንስ ማን ቻለው? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንድ የታወቀ ዘፈንና አንድ ያልታወቀ ዘፈን እንመረምራለን። የታወቀው አዲስ አበባ ላይ ተዘፍኖ ሎንዶን ድረስ ያከራከረ ነው። ያልታወቀው በየዓመቱ በነሐሴ ወር በአገራችን በዋግ፣ ከሰቆጣ ደጋ እስከ ሰሃላ ቆላ የሚዘፈነው ነው። ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ከታወቀው እንጀምር። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «የኛ» የሚል ስም የያዘ፣ አምስት ወጣት ሴቶች ያሉበት ቡድን ተነሣ። ሥራው ሁለት ነበር፤ የራዲዮ ድራማና ዘፈን። ድራማው ኑሯቸውና አስተዳደጋቸው ለየቅል የሆነ አምስት ልጃገረዶች ሙዚቃ አገናኝቷቸው ወዳጅ ሲሆኑ፣ በሴት ልጅ ላይ የሚደርሰውን መከራም ተደጋግፈው ሲጋፈጡ የሚያሳይ ነው። ዘፈኖቹ ከድራማው ተለይተው ለየብቻቸው እየወጡ ተወደዱ። ከእነዚህም መካከል «አቤት» እና «ጣይቱ» ይገኙባቸዋል። «ጣይቱ»ን ከአምስቱ ጋር አብራ የዘፈነችው አስቴር አወቀ ስለ ነበረች፣ ነጠላ ዘፈኑ ከወጣቶች አልፎ የእናቶቻችን ጆሮ ደረሰ።

ይህ በአገራችን የዘፈን ታሪክ ቀላል ነገር አልነበረም። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በግል ሸክላ ማሳተም ከጀመሩም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ የሴት ድምፅ ከመድረክ ጠፍቶ አያውቅም። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር፣ ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈኑትን የማያውቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን የከተማው መድረክ ሴቲቱን አብዝቶ የሚያውቃት ለብቻዋ ቆማ፣ ከኋላዋ በወንዶች የሙዚቃ ጓድ ታጅባ ነው። አምስት ሴቶች በአንድ ስም ተጠርተው፣ እኩል ቆመው፣ ስለ ሴቶች ልጆች ጉዳይ ሲዘፍኑ ማየት ለከተማው ብርቅ ነበር። ለባላገሩ ብርቅ እንዳልሆነ ግን ኋላ እናሳያለን።

የዘፈኖቹ አርእስትም በማስተዋል የተመረጠ ነው። በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በመቀሌ ምሽግ በተከበበ ጊዜ የውሃው ምንጭ እንዲያዝበት የመከሩት እቴጌ ጣይቱ እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። በዚያው ዘመቻ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር አስከትለው ዘምተዋል። ስለዚህ የሰሃላ ልጅ «ጣይቱ» ሲባል ስትሰማ የሩቅ ሰው ስም የሰማች አይመስላትም፤ ነገሩ የአያት ቅድመ አያቶቿ ነገር ነው። ከዚህም በላይ፣ ውሃ የያዘ ሰው ምን ያህል ኀይል እንዳለው፣ ጀሪካን አዝላ ቁልቁለት ከምትወርድና ዳገት ከምትወጣ ልጅ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «አቤት» የሚለውም ቃል ሁለት ፊት አለው። ሲጠሩን የምንመልስበት ነው፤ ስንበደልም የምንጮኽበት ነው። ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የመጀመሪያውን «አቤት» ስትማር ታድጋለች፤ ሁለተኛውን የሚያስተምራት ግን የለም። እንዲህ ያለውን ቃል አንሥቶ የዘፈን አርእስት ማድረግ ብልኅነት ነው። ይህን ሳናመሰግን ወደ ነቀፌታ ብንሄድ ፍርድ አጓደልን ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወጪውን ማን ቻለው? ቡድኑን ያቋቋመውና የደገፈው «ገርል ኢፌክት» የተባለ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ከአሜሪካው ጫማ ሠሪ ከናይክ የበጎ አድራጎት ክፍል የተወለደ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያው ሥራ በሚሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ገንዘብ ከእንግሊዝ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ይመጣለት ነበር። የሎንዶን ጋዜጦች፣ በተለይም ዴይሊ ሜል፣ ይህን ይዘው ተነሡ። ቡድኑን በታወቁት የእንግሊዝ ሴቶች ዘፋኞች ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ፣ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዘፈን ይባክናል ብለው ጮኹ። በ2009 ዓ.ም. ፕሪቲ ፓቴል የልማት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ መንግሥቱ ድጋፉን አቋረጠ።

ውሳኔው ደግ ነበር ወይስ ክፉ? በሎንዶን የተከራከሩት ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። አንዱ ወገን «ብክነት ነው» አለ፤ ሌላው ወገን «የሕዝቡን አስተሳሰብ የሚለውጥ ሥራ ነው» አለ። እኛን የሚያስቆጨን ሌላ ነው። ክርክሩ ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ልጆች ሆኖ ሳለ ከሰሃላ፣ ከአበርገሌ፣ ከዝቋላ አንዲት ልጅ ተጠርታ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልተባለችም። ልጅቱ በሪፖርቱ ውስጥ በቁጥር ገብታለች፤ በሸንጎው ውስጥ ግን ድምፅ አልነበራትም። የዘፈኑ ስም «የኛ» ነው፤ የሰጠውም የነሣውም ግን ሎንዶን ነበር። ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ጨርሶ አልጠፋም፤ በቴሌቪዥን ድራማ መልክ ቀጥሏል። የሚያስገርመው፣ ያ ሰጪና ነሺ የነበረው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ራሱ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይህ የድኻ አገር ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ባለጸጋዋ አገር እንሻገር። አሜሪካኖች «ካንትሪ» የሚሉት ዘፈን አላቸው፤ በእኛ ቋንቋ የባላገር ዘፈን ብንለው ይስማማል። በቴክሳስ የተነሡ ሦስት ሴቶች፣ ናታሊ ሜንስ፣ ማርቲ ማጓየርና ኤሚሊ ስትሬየር፣ በዚያ ጊዜ ዲክሲ ቺክስ ይባሉ የነበሩት፣ በዚህ የዘፈን ዓይነት ከሁሉ ላይ ወጥተው ነበር። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. «ትራቭሊን ሶልጀር» የተባለው ዘፈናቸው በባላገር ዘፈኖች ሠንጠረዥ አንደኛ ነበር። ዘፈኑ ስለ አንድ ዘማች ወታደርና ደብዳቤውን ስለምትጠብቅ ልጅ ይናገራል። በዚያው ወር የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ናታሊ ሜንስ ሎንዶን ውስጥ መድረክ ላይ ሆና ፕሬዚዳንቱ ከቴክሳስ በመሆናቸው እንደምታፍር ተናገረች። ወሬው አሜሪካ እንደ ደረሰ ብዙ የራዲዮ ጣቢያዎች ዘፈናቸውን ከለከሉ፤ አንደኛ የነበረው ዘፈን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሠንጠረዡ ወደቀ። ስለ ወታደር የሚያለቅስ ዘፈን፣ ዘፋኟ ስለ ጦርነት አሳቧን በመናገሯ ጸጥ ተደረገ ማለት ነው።

ነገር ግን የነዚህ ሴቶች ታሪክ በዚህ አላበቃም። ራዲዮው ቢዘጋባቸውም ዘፈናቸውን የሚገዛ አድማጭ ነበራቸው፤ ቃሉንም የሚያወጡት ራሳቸው ነበሩ። በደረሰባቸው ነገር ላይ «ይቅርታ አንጠይቅም» የሚል መንፈስ ያለው ዘፈን አወጡ፤ በየካቲት 1999 ዓ.ም. በግራሚ ሽልማት የዓመቱ ዘፈን ተብሎ ተሸለመ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከስማቸው ውስጥ «ዲክሲ» የሚለውን ቃል በራሳቸው ፈቃድ አወጡት። ቃሉ የባርነትን ዘመን የሚያስታውስ ስለሆነ ነው። ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። ገንዘብም ራዲዮም በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ዘፈን በአንድ ቀን ሊታፈን ይችላል። ቃሉና አድማጩ በዘፋኟ እጅ ሲሆኑ ግን ቢታፈንም ተመልሶ ይነሣል።

አሁን ወዳልታወቀው ዘፈን እንምጣ። ሻደይ ረዥምና ለምለም ሣር ነው። የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ቀን፣ ነሐሴ 16፣ የዋግ ልጃገረዶች ይህን ሣር በወገባቸው ዙሪያ አስረው ይወጣሉ። በዓሉም ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ በኩል ሶለል ይሉታል። ልጆቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት፣ ደጃፍ ለደጃፍ ይዞራሉ። አንዲቱ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የቤቱ ባለቤት የሚሰጠውን ይሰጣል። የሰጠ ይመሰገናል፤ የነፈገም እንደ ሥራው ይነገረዋል። ይህ ለጥቂት ቀናት ይቀጥላል።

እንግዲህ ሦስቱን ጥያቄዎች በሻደይ ላይ እናንሣ። ከበሮው በማን እጅ ነው? በልጅቱ እጅ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል፤ እነርሱ ግን ከታላላቅ እኅቶቻቸው ተምረውት ሳይደናገሩ ይመቱታል። ቃሉን ማን አወጣው? የዱሮውን ከእናቶቻቸው ወርሰዋል፤ የዘንድሮውን በደጃፉ ላይ ቆመው ያወጡታል። በሌላው ወር ለአባወራ ቀና ብላ የማትመልስ ልጅ፣ በነሐሴ በደጁ ቆማ ስስቱን በግጥም ትነግረዋለች፤ እርሱም ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ወጪውንስ ማን ቻለው? መንደሩ ራሱ ነው። ሚኒስትር ሳይፈርምበት፣ ሪፖርት ሳይጠየቅበት፣ የአገሩ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ስለ ሰማው ዘፈን ይከፍላል። ስለዚህ የሴቶች የኅብረት ዘፈን ከውጭ የመጣ የልማት ዕቅድ ነው የሚል ሰው ቢኖር በነሐሴ 16 ወደ ሰቆጣ ይሂድ። አዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. እንደ ብርቅ ያየችው ነገር ለዋግ የእናት ቅርስ ነው።

ነገር ግን አገራችንን እናወድስ ብለን እውነቱን አንሸፍንም። ሻደይ ነፃነት ነው፤ ዳሩ ግን የጥቂት ቀን ነፃነት ነው። ሣሩ ሳይደርቅ ልጅቱ ወደ ማገዶዋና ወደ ጀሪካኗ ትመለሳለች። ከዚህም የባሰ አለ። ሻደይ ወጣቶች የሚተያዩበት፣ ቤተ ሰብም ለልጁ የምትሆን ሚስት በዓይኑ የሚመርጥበት ወቅት መሆኑ ይታወቃል። በነሐሴ ከበሮ የመታች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በጥር ሙሽራ ልትሆን ትችላለች። የሚቀጥለውን ሻደይ በደጃፍ ቆማ ታየዋለች እንጂ አትወጣበትም።

ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ብሎ ነበር። የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. 18 ዓመት አደረገው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ወንጀል ብሎ ይቀጣል። በወረቀት ላይ ሦስት ዓመት ተጨመረላት ማለት ነው። ነገር ግን ወረቀት ዝናብ አያዘንብም፤ ጦርነትም አያስቆምም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከዳ፤ በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ከጎዳቸው ወረዳዎች አንዷ ሰሃላ ሰየምት ነበረች። እህል ሲጠፋ ደብተር የሚጠፋው ቀድሞ ከማን እጅ ነው? ከሴቷ ልጅ እጅ ነው። አባትም «አንድ አፍ ቢቀንስልኝ» ብሎ ሲድራት ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ጨንቆት ነው። ይህን ሳያውቅ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚዘፍንም ሆነ የሚጽፍ ሰው ከነገሩ ዳር ቆሟል።

ሁለተኛው አደጋ ደግሞ መድረክ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሻደይ የቱሪስት መስሕብ ነው እየተባለ በትልልቅ ከተሞች አዳራሽና በቴሌቪዥን መታየት ጀምሯል። መታየቱን አንቃወምም። ነገር ግን ልጆቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው፣ ለእንግዳ ማወደሻ ተብሎ በአንድ ጎልማሳ የተጻፈ ግጥም ሲያጠኑ፣ ሻደይ የልጅቱ መሆኑ በዚያች ሰዓት ያበቃል። ሹም የሚወቀስበት ደጃፍ ሹም የሚወደስበት መድረክ ሆነ ማለት ነው። ስሙ ሻደይ ነው፤ ልብሱም የሻደይ ነው፤ ቃሉ ግን የሌላ ነው። ታዲያ ይህ ከሎንዶን ገንዘብ በምን ይሻላል? የባዕዱን እጅ ነቅፈን የራሳችንን እጅ ብንሰውር ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

ሦስተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በዋግ አማርኛም ኽምጥኛም ይነገራል። ኽምጥኛ ከአገውኛ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከአዊዎች አውንጊና ከኤርትራዎቹ ብሌን ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። የተናጋሪው ቁጥር ግን ጥቂት ነው። «የኛ» በአማርኛ ብቻ ሲዘፍን ቤቷ ኽምጥኛ የሆነ ልጅ «የኛ ሲባል እኔም አለሁበት?» ብላ ብትጠይቅ ምን እንመልስላታለን? በኽምጥኛ የሚዘፈነውን የሻደይ ቃል የሚያውቁ እናቶች እያረጁ ነው። ቃሉ ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋር ይሄዳል። እኛ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የሩቅ አገር ባለቅኔዎችን ስንኝ እየቆጠርን እናጠናለን። ደግ ነው። የእናታችንን ስንኝ የሚቆጥር ግን ማን ነው?

ይህን ስንል ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። የመጀመሪያው «ዘፈን ውሃ አይቀዳም፤ ለተራበ ሰው ስለ ከበሮ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዘፈን ውሃ አይቀዳም። ነገር ግን ጉድጓዱ የት ይቆፈር ተብሎ ሲመከር ዝም የምትል ልጅ፣ ሩቅ የተቆፈረውን ስትቀዳ ትኖራለች። ሰው መናገርን በአንድ ቀን አይማርም። በነሐሴ በአባወራው ደጃፍ ቆማ ያሰበችውን ለመናገር የደፈረች ልጅ፣ በጥር ሽማግሌ ሲላክባት «እምቢ» ለማለት አፏ ተፈትቷል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ሻደይን በደንብ ያልሰማ ሰው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የፈረንጅ ገንዘብ ባይኖር የኛ የተባለው ዘፈን እንኳ አይሰማም ነበር፤ እናንተ የምታቀርቡት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ርዳታን ሁሉ እንጥላ አንልም፤ በድርቅ ጊዜ የመጣውን ስንዴ የበላ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። የምንለው ግልጽ ነው። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ቃሉን ለማውጣትም ለመለወጥም ሥልጣኑ በዘፋኞቹ እጅ ይሁን። ሰጪው የሄደ ዕለት ዘፈኑ የሚቀርበት መንገድ አስቀድሞ ይታሰብ። «የኛ» ያገኘውን የመሰለ ድምፅ ማጉያና ሻደይ ያለውን የመሰለ ባለቤትነት ብናገናኛቸው ኖሮ፣ በ2009 ዓ.ም. የሎንዶን ጋዜጣ የጻፈው ነገር የነሐሴን ከበሮ አይነካውም ነበር።

ስለዚህ ከወሬ ወደ ሥራ እንለፍ። የማኅበራችንን አባሎች፣ በተለይም ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያና ከትግራይ የመጣችሁትን፣ አራት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የክረምት ዕረፍታችን ከሻደይ ጋር ይገጥማል። ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። ስልካችን ድምፅ ይቀዳል፤ እንቅዳበት። ነገር ግን አስቀድመን ልጅቱን፣ ሕፃን ከሆነችም እናቷን ጭምር ፈቃድ እንጠይቅ። የተቀዳውን ቃል እኛ አናርመው። «ይህ ቤት አይመታም፤ ይህ ነውር ነው» ብለን ብንቆራርጠው ከዚያ ከግጥም ጻፊው ጎልማሳ በምን እንለያለን?

ሁለተኛ፣ ከዚህ የተሰበሰበ ዘፈን ቢታተም ወይም በየትኛውም መንገድ ገንዘብ ቢያመጣ፣ ገንዘቡ የዘፋኞቹ ይሁን። በየደጃፉ የተሰበሰበውም የበዓሉ ስጦታ በልጆቹ እጅ እንዲቀር፣ ለመስከረም ደብተርና ለዩኒፎርም እንዲሆን ወላጆቻችንን እንለምን። ነሐሴ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ቀኑ የተገጣጠመው ለዚህ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ የክልሉ ራዲዮ በኽምጥኛ የሚያስተላልፈው ፕሮግራም አለው። ሻደይ በዚያ ፕሮግራም የአንድ ሳምንት ዜና ሆኖ እንዳይቀር፣ ልጆቹ ራሳቸው ዓመቱን ሙሉ ቀርበው የሚናገሩበትና የሚዘፍኑበት ጊዜ እንዲሰጣቸው ማኅበራችን በስሙ ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤ መጻፍ አያስከፍልም።

አራተኛው ለወንዶቹ ነው። ይህን ጉዳይ በማኅበሩ ስብሰባ ባነሣን ቁጥር ሴቶች እኅቶቻችን አንድ ቃል ሳይናገሩ ወንዶች ሦስት ሰዓት ስለ ሴት ነፃነት እንናገራለን። ስለ እነርሱ መናገር ለእነርሱ መናገርን ያህል ቀላል ሆኖልናል። በሚመጣው የሥነ ጽሑፍ ምሽት መድረኩን የሚመሩት፣ የሚነበበውን የሚመርጡት ሴቶች ተማሪዎች ይሁኑ፤ ወንዶቹ ወንበር እናምጣ፣ ከዚያም ቁጭ ብለን እናዳምጥ። በሻደይ ቀን በመንደራችን የምናደርገውን እዚህ ለማድረግ ለምን እናፍራለን?

ከዚህ በላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የማባዣው ወረቀት ውድ ነው። «ጣይቱ» ጥሩ ዘፈን ነው፤ ዛሬም ሲዘፈን ብንሰማው ደስ ይለናል። እኛ የምንመኘው ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። የሚመጣው ዘፈን ከሰሃላ ይምጣ፤ በኽምጥኛም በአማርኛም ይሁን። ከድንጋይ መንገዱ ወርዳ ተከዜን በምታውቅ ልጅ ቃል ይውጣ፤ ያች ልጅም በሚቀጥለው ዓመት በትምህርት ቤት እንጂ በሰው ጓዳ አትገኝ። ያን ጊዜ «የኛ» ብንል እንደ ስሙ የኛ ይሆናል። የፍልሰታ ጾም በቅርቡ ይገባል፤ ሣሩም በየመስኩ መብቀሉ አይቀርም። ደብተራችሁን አዘጋጁ።